አልቀነስ ያለው ፎቶ

ለአባትህ ስም ስትል አሮጊት ፊት ተቀምጠህ ትዋሻለህ? አልዋሽም ለማለት አትቸኩል። ሮቤ ላይ ፎቶና ኮምፒዩተር ቤት ያለው ፊሮምሳም ያን ዕለት ጠዋት ተጠይቆ ቢሆን እንዲሁ ይል ነበር።

ሴትዮዋ ከጎባ ሚኒባስ ወርዳ መጣች። ከመግባቷ በፊት ከበሩ በላይ ያለውን ታፔላ ቆማ አነበበችው፤ «ፊሮምሳ ኢዶሳ ፎቶ»። ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልመኮ?» አለችው፤ እንዴት አደርክ፣ ልጄ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እናቴ። ይግቡ፣ ብርዱ አይምታዎት።»

ኡሙሰልማ እባላለሁ አለች። ከዚህ የወጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ ዕድሜዋን በሰው አገር ጨርሳለች። ከጥቁር ቦርሳዋ ዚፕ መሐል እርጥብ ሣር ብቅ ብሎ ይታያል። ውጭ የከረመ ሰው የአገሩን ሣር ሳይቀር ያሸታል ብሎ ፊሮምሳ በልቡ ሣቀ።

ፍላሽ ሰጠችው። «አንድ ፎቶ አሳንስልኝ። የጠፉ ሰዎችን ታሪክ የሚሰበስብ ማኅበር አለ፤ ድረ ገጹ ትልቅ ፋይል አይቀበልም። ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ካልደረሰ ደግሞ ይዘጋል።»

ፍላሹ ላይ ተቀራራቢ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ነበሩ፤ አንዱ ግዙፍ፣ ሌላው ኢምንት። ትንሹን ተቀድቶ ያላለቀ ቁራጭ ይሆናል ብሎ አለፈው። ትልቁን ወሰደ።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ሲያስመርረው ዊንዶውስን ነቅሎ ጥሏል። በዚያ ሳምንት ሲስተሙን እንደ አዲስ ስለጫነ ፎቶ ማሳነሻው ገና አልገባም ነበር። አስገባው። ሊያስነሳው ሲል እምቢ አለ፤ ሊብጄፔግ የሚባል ላይብረሪ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«ላይብረሪ ጎደለኝ ይላል። ፕሮግራም እንደ ሙሽራ ነው፣ እናቴ፤ ሚዜዎቹ ካልተሟሉ ከደጅ አይንቀሳቀስም። አሁን አስመጣለታለሁ።»

«ሚዜ ከሆነስ ድግስ ባለበት አይጠፋም» አለች።

ከኢንተርኔት እስኪወርድ ፎቶውን ከፈተው።

የቀበሌ ግቢ ነው። ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች ተሰልፈዋል። መሐል ላይ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ልጅ ቆሟል። ክንዱን ጨምድዶ የያዘው ወጣት ይስቃል፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።

ፊሮምሳ ያን ጆሮ ያውቀዋል። ትከሻው ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየነካካው ነው ያደገው። ጅብ ነው የበላኝ ይለው ነበር አባቱ።

አባቱ ኢዶሳ ዛሬ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ደም የተቃቡ ሲታረቁ የበደለው እርጥብ ሣር ይዞ ይቆማል፤ የተበደለው ሣሩን እንዲቀበል የሚያግባባው ኢዶሳ ነው። ይህ ፎቶ ከተላከስ ነገ ደጁን ማን ይረግጣል? በዚህ ዕድሜው እጁን አስረው ቢወስዱትስ?

«የታሰረው ወንድሜ ከሊል ነው» አለች ከኋላው። ትንፋሿ አንገቱ ላይ ነበር። «ከዚያ ቀን ወዲህ አላየነውም። የያዘውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«እኔ... ያኔ አልተወለድኩም።»

«እሱስ እውነት ነው» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ላይብረሪው ወርዶ ተጭኗል። የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ፊሮምሳ ሌላ ትእዛዝ ጻፈ፤ ላይብረሪውን አጠፋው። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሳ። ያው ጽሑፍ ተመለሰ።

«አሁንም ጎደለ?»

«አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል፣ እናቴ። የዚህ ነገር ጠባዩ ነው።»

ጫነ፤ አጠፋ። ጫነ፤ አጠፋ። ዓይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም፤ እንግሊዝኛውን እያነበበች ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ቦርሳዋን ስትከፍት ስልክ አውጥታ ፖሊስ ልትጠራ ነው ብሎ ጣቶቹን ከኪቦርዱ አነሣ። እሷ ግን ከያዘችው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሣሩ ላይ ጠብ አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

ከቀትር በኋላ አባቱ ከሽምግልና ሲመለስ ጎራ አለ።

«አንተ! ደግሞ በጉርድ ፎቶ ዋጋ ላይ ጨመርክ? ይህን ሕዝብ ልትጨርሰው ነው?» አለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ከበሩ እያነበበ።

ፊሮምሳ ፎቶውን ሊዘጋ ማውሱን ፈለገ። ሴትዮዋ ቀደመችው።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ ይህን ልጅ ያውቁታል?»

ኢዶሳ ጎንበስ ብሎ አየ። ባርኔጣውን ወደ ጆሮው ጎተት አደረገ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ እህቴ። ምኑን አየዋለሁ» ብሎ ወጣ።

የሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ፊሮምሳ ያን ጊዜ ገና ተነፈሰ።

«ይቅርታ፣ እናቴ። አልሆነም።»

ቀና አለች። ቀኑን ሙሉ ያልነበረ ነገር ፊቷ ላይ መጣ፤ ተስፋ ይመስላል።

«ለምኑ ነው ይቅርታው?»

«ለ... ለላይብረሪው።»

ኡሙሰልማ ፍላሿን ነቀለች። ሣሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ኪቦርዱ ላይ ጣለችው።

«ፎቶውን ትናንት ጎባ አሳንሰውልኝ ልኬዋለሁ፤ ትንሹ ፋይል እሱ ነው። ሣሩን ያመጣሁት ከዚህ ቤት ይቅር በይን የሚል ሰው ከተገኘ፣ የምይዘው አጣሁ እንዳይል ነበር። ከእንግዲህ ማንንም ይቅር አልልም።»