ነጭ በነጭ ላይ

የድሬዳዋ ሙቀት ሰው መግደል ከጀመረ ወዲህ፣ ማንኛውም ቤት ከውጭ ሙቀት በሚመልስ ነጭ ቀለም እንዲሸፈን ሕግ ወጣ። የኢክራም ሥራም ይህን ቀለም መቀባት ሆነ። ሃይድሮሊክ ፓምፗ እንደ እርጎ የወፈረውን ቀለም ያለ ብሩሽ፣ በግፊት ብቻ ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። ቀለም በቀባችባቸው ሰፈሮች ዘንድሮ በሙቀት የተነሳ አንድም ለቅሶ አልተቀመጠም።

በመጨረሻ የእናቷ የወይዘሮ መፍቱሃ ቤት ተራ ደረሰ። ዓይናቸው ስለደከመ ቤታቸውን የሚለዩት በአረንጓዴው ግድግዳ ነበር።

«እሱንም ልትሸፍኚው ነው?»

«አዎ እማዬ። ሙቀት አንቺን እንዲወስድብኝ አልፈልግም።»

ረጨችው። የዚያን ቀን እናቷ ላብ ሳያጠምቃቸው ተኙ።

በማግስቱ ግን ከገበያ ሲመለሱ የራሳቸውን በር አልፈው የጎረቤት በር ሲገፉ አየቻቸው። እናቷ ሊስቁ ሞከሩና አቃታቸው።

«አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት!» አሉ።

ኢክራም አሰበች። ሕጉ ሌላ ቀለም ይከለክላል እንጂ ስለ ውፍረት የሚለው የለም። በእናቷ እጅ ቁመት ልክ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ረድፍ ፕላስተር ለጥፋ መሃሉን ደጋግማ ረጨችው። ሲደርቅ ፕላስተሩን ላጠችው፤ ጣት የሚያህል ነጭ መስመር ከግድግዳው ጫፍ እስከ በሩ ጎልቶ ወጣ።

እናቷ መስመሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ያለ ረዳት በሩ ጋ ደረሱ።

«አረንጓዴው ይናፍቀኛል» አሉ። «ቤቴ ግን ይኸው ነው።»

ይህን የሰሙ፣ እንደ እናቷ ዓይናቸው የደከመ አንዲት ጎረቤት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ።

«ለእኔ ሁለት መስመር አድርጊልኝ፤ ከእናትሽ ቤት ጋር እንዳይምታታብኝ።»

ኢክራም ፓምፑን መልሳ አስነሳች።