ለኮቱ የሚመልስ ሰው

ጋሽ ምናሴ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው አልነሣም ብለዋል። ልጃቸው ትህትና መኪናዋን ከሕንፃው በር ፊት ሃዛርድ መብራቷን አብርታ አቁማ ወደ ሎቢው ደግማ ትገባለች።

«አባዬ፣ ሆስፒታሉ እየጠበቀን ነው። ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ በዚያ ትራፊክ የመጣሁት እኮ ለዚህ ነው።»

«ዶክተሩን ነገ ይመለስ በይው» ይሏታል፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ትህትና ልትስቅ ትልና ትተወዋለች። ዛሬ ሐኪሞች ልባቸውን ከፍተው ኦፕራሲዮን ያደርጓቸዋል። ይህን ቀን ካሳለፉት ሌላ ቀጠሮ ቶሎ እንደማይገኝ፣ ልባቸውም ብዙ እንደማይጠብቅ ቀደም ብላ ነግራኛለች። አሁን ዞር ብላ ታየኛለች። አንተ እስቲ በላቸው፣ የሚል አስተያየት ነው።

እኔ የዚህ ሕንፃ ፍሮንት ዴስክ ነኝ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው አስገባለሁ፣ ፓኬጅ እቀበላለሁ፤ የተረፈኝን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ዝናብ ሲወርድ እያየሁ በሐሳብ እሄዳለሁ። ሰው ብዙም አልቀርብም። ጋሽ ምናሴ ግን ጠዋት ጠዋት ኮትና ክራቫታቸውን አድርገው ከአፓርታማቸው ይወርዱና መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። «ቢሮ ገባሁ» ይሉኛል። ጥቂት ቆይተው ሚስተር ኦፎሪ ይመጣሉ። ጋናዊ ናቸው፤ እንግሊዝ ለቆ ከሄደ በኋላ አክራ ውስጥ መሬት ቢሮ ሲያገለግሉ ያረጁ። ጋሽ ምናሴ ደግሞ አስመራ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ሕንፃ፣ የውኃ ክፍል ሹም ነበሩ። ሁለቱ ዳማ ይጫወታሉ፤ ከሞቱ የቆዩ አለቆቻቸውን በእንግሊዝኛ ያማሉ። ዛሬ ሚስተር ኦፎሪ ጥርስ ሊያስነቅሉ እዚህ አቅራቢያ ወዳለው ዊተን ሄደዋል። ስለ ኦፕራሲዮኑ የነገራቸው ሰው የለም። ጋሽ ምናሴ አትንገሩ ብለዋላ።

ከዴስኩ ወጥቼ አጠገባቸው ቁጢጥ እላለሁ።

«ጋሼ፣ ፈርተው ነው?»

«ቢላው ያለው ሐኪሙ እጅ ነው። እሱ ይፍራ እንጂ።»

ያኔ አንድ ቀን ያጫወቱኝ ትዝ ይለኛል። አስመራ ቢሮ ውስጥ፣ ለጉዳይ ሹልክ የሚል ሰው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣ ነበር። አለቃ ድንገት ብቅ ካለ ተላላኪው ኮቱን ያሳይና «አሁን ወጣ ብለው ነው፣ ይመጣሉ» ይላል። ኮቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው።

«ታዲያ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይተዉትና ይሂዱ» እላቸዋለሁ።

ትህትና ጣሪያውን ታያለች። ጋሽ ምናሴ ግን ወደ እሷ ይዞራሉ።

«አንድ ጊዜ ትቼው ሄጃለሁ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ትኩሳት ይዞሻል። አይቼሽ ልመለስ ብዬ ኮቴን ሰቅዬ ወጣሁ። ሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት ነው።»

የቀረውን በአጭሩ ይጨርሱታል። ቤት ሲደርሱ ጦሩ ተፈትቶ ከተማው ተናውጧል። እናቷንና እሷን ይዘው በተገኘው መኪና ወጡ፤ ወደ ቢሮ የሚመለስ መንገድ አልነበረም።

«ደህና ኮት ነበር» ይላሉ። «አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው የሰፋልኝ። እስካሁን ‹አሉ› እያለልኝ ይሆናል።»

ይስቃሉ። እጃቸው ግን ወንበሩን አልለቀቀም። ትህትና የመኪናውን ቁልፍ ኪሷ ከትታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ይህን ታሪክ ሰምታው እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ኮት ብቻውን አይበቃም፣ ዓብዩ» ይሉኛል ወደ እኔ ዞረው። «የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል። ያን ቀን ተላላኪያችን ልሳነወርቅም ሸሽቶ ነበር። ማን ይመልስለት?»

«እኔ እመልስለታለሁ።»

«ሺፍትህ ሲያልቅስ?»

«ከእኔ በኋላ ለምትገባው ለሃኒ እነግራታለሁ።»

«ሃኒ ትረሳለች።»

«እየደወልኩ አስታውሳታለሁ።»

ሥራ ሊቀጥሩኝ የተቀመጡ ይመስል ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። ከዚያ አንድ እጃቸው ይላቀቃል፤ ቀጥሎ ሌላው። የትህትናን ክንድ ተደግፈው ይነሣሉ። ቁልፎቹን ቀስ ብለው ፈትተው ኮቱን ያወልቃሉ፣ ወንበሩ ላይ ይሰቅሉታል፤ አንዱ ትከሻ ዘንበል ቢልባቸው ተመልሰው ያቃኑታል። ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ቀጭን ኖረዋል።

ውጭ ዝናብና ብርድ ነው። ትህትና የራሷን ሮዝ ጃኬት አውልቃ ትደርብላቸዋለች። እምቢ አይሉም። ሃዛርዱ ብልጭ ድርግም እያለ ይርቃል፤ እሷ ማጥፋቱን ረስታዋለች።

ዝናቡ ሲያባራ ሚስተር ኦፎሪ ይገባሉ። ጉንጫቸው አብጧል፣ የዳማው ሰሌዳ ብብታቸው ሥር ነው። እንደ ሁልጊዜው ቢሮ ተከፍቷል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፣ በደነዘዘ አፋቸው።

ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።

«አሁን ወጣ ብለው ነው» እላቸዋለሁ። «ይመጣሉ።»

ሚስተር ኦፎሪ ወንበሩን ያያሉ። ኮቱን ያያሉ። ቆመው ብዙ ያዩታል፣ የድሮ ባልንጀራ ሰው መሐል እንዳገኘ ሰው። የአክራው መሬት ቢሮም ይህን የኮት ዘዴ ያውቀው ኖሯል መሰለኝ፣ የት ሄዱ ብለው አይጠይቁኝም። ጎንበስ ብለው ትከሻው ላይ የቀረች አንዲት ነጭ ፀጉር ያነሡለታል።

ከዚያ ከፊት ለፊቱ ይቀመጡና ቆርኪዎቹን በሁለቱም በኩል ይደረድራሉ። የመጀመሪያውን ይገፋሉ። እጃቸውን አጣጥፈው ኮቱ እስኪጫወት ይጠብቃሉ።