የቀብሩ ቀን

የፓርቲው የቀበሌ ተጠሪ ደምመላሽ ትዝታ የሚያጠፋውን ቆብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ የሺመቤት፣ መርማሪ መጥቷል፤ ሊቀመንበራችን ሊመረመር ነው። እንደ አምናው ከትዝታዎ አንድ ቀን ይስጡን።»

አምና የሰጠችው የልጇን የሠርግ ቀን ነበር። ሊቀመንበሩ እዚያ ያደረገውን አይታለች ተባለ፤ ምን እንዳየች ዛሬ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ እስክስታ የምትወርደውን እናት እንደ ባዳ ነው የምታያት።

«አሁንስ የትኛውን ቀን ፈለጋችሁ?»

«የጋሼ አሰግድን ቀብር።»

ባሏን በቀበረችበት ቀን፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሊቀመንበሩ «የሂሳብ መዝገቡን አቃጥሉት» ሲል በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።

«አልሰጥም።»

«ድርጅቱን ሊከዱ ነው?»

«ድርጅቱን ስናቋቁም አንተ ጡት አልጣልክም ነበር! ሰው ያልቀበረውን ይጠብቃል፣ ደምመላሽ። ለሊቀመንበርህ ብዬ ቀብሩን ረስቼ ዕድሜ ልኬን በር በሩን ልይ?»

ቆቡን አንስታ አስታቀፈችው። ነጠላዋን እንደዚያ ቀን አዘቅዝቃ ለበሰችና በሩን ከፈተች።

«ወዴት ነው?»

«መርማሪው ዘንድ። እንዴት እንዳለቀስኩ እነግረዋለሁ፤ ሳለቅስ የሰማሁትንም ጭምር።»