ጤነኛ ነኝ የምትል መኪና

መኪና በዳሽቦርዱ፣ ሰው ደግሞ በእጁ አምባር ስለ ጤናው መናገር ከጀመረ ወዲህ፣ መካኒኩ ጋሽ ደምሰው ሰውን ሁሉ ንቀውታል።

ናሁሰናይ ሊገዛት ያሰባትን አሮጌ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ወዳለው ጋራዥ ይዟት መጣ። ሞተሩ እንደተነሳ መኪናዋ፣ «ሙሉ ጤነኛ ነኝ» ብላ አወጀች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሏት ጋሽ ደምሰው። «አንተስ? መሪው ሲንቀጠቀጥ እጅህ አይሰማውም?»

«ጤነኛ ነኝ ስላለች እኮ ነው ጋሼ...»

«ስላለች! ሌባ ሌባ ነኝ ይልሃል? መዳፍህን አሳርፍና መቼ መቼ እንደሚያንቀጠቅጣት እወቅ። ስትፈጥን ብቻ ከሆነ የጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ስትይዝ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ቆማም ከሆነ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ አልቆለታል። ይኼን ለማወቅ ሰው መሆን ይበቃ ነበር!»

ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ ሻይ ይዘው መጡ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጩ፤ ሻዩም ፈሰሰ። ጋሽ ደምሰው ቀና ብለው የሚስታቸውን አምባር አዩ። አረንጓዴ ያበራል።

«ደህና ነሽ» አሉና ተመልሰው ኮፈኑ ስር አጎነበሱ።

ናሁሰናይ ትሪውን ተቀብሎ አስቀመጠና መዳፉን እትዬ ዘርፌ እጅ ላይ አሳረፈ።

«እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚያንቀጠቅጥዎት?»

እትዬ ዘርፌ የባላቸውን ጀርባ ከላይ እስከ ታች በንቀት አዩት።

«ቁጭ ብዬም ነው ልጄ። ሦስት ወር ሆነኝ። መካኒክ አግብቼ፣ የጠየቅከኝ አንተ ነህ።»