የአሚራ ኮራል

አሚራ ለዕረፍት ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም በመጣች ጊዜ፣ ውኃ በተሞላ ፌስታል ኮራል የምትባል፣ ድንጋይ የምትመስል ግን ሕይወት ያላት የባሕር እንስሳ ይዛ ነበር። የመስታወት ገንዳ አዘጋጅታ፣ ጨዋማ ውኃ ሞልታ፣ ለአባቷ ለሐጂ አሕመድኑር አደራ ሰጠቻቸው። ተመልሳ በሄደች በሰባተኛው ወር ሞታ እዚያው ተቀበረች። ከልጃቸው የቀረቻቸው ይህች ኮራል ብቻ ናት፤ እርሷም ሰሞኑን እንደ አበባ የሚፈካ ገላዋን ሰብስባ መንጣት ጀመረች።

ጅዳ ውስጥ ኮራል በሚያሳድጉበት ቤት ከአሚራ ጋር ሠርታ የተመለሰችውን ስመኝን አስጠሩ። ስመኝ ጨውን ለካች፤ ሙቀቱንና መብራቱንም አየች።

«ሐጂ፣ ምን ጨመሩባት?»

«ከመካ የመጣ የዘምዘም ውኃ ጠብ አድርጌባታለሁ።»

«የባሕር ልጅ ውኃ ጠማት ብለው ነው?» ብላ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ውኃው ደኅና ነው። ኮራል እንዲህ የምትኮማተረው እጅ ሲነካት ነው። እጁ ካልተነሣላት በረሃብ ትሞታለች።»

«ክፍሉን የምቆልፈው እኔ ነኝ፤ ማንም አይገባም።»

«ታዲያ ማንም ካልነካት ለምን አትፈካም?»

አሚራ ኮራሏን እያናገረች በጣቷ ስትደባብሳት ትውል እንደነበር ሐጂ ትዝ አላቸው። ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ።

«አሚራዬ፣ ይበቃሻል ልጄ። እጅሽን አንሺላት፤ ትሞትብኛለች።»

ውኃው ተነቃነቀ። ኮራሏ ቀስ በቀስ ፈካች። ከገንዳው ሥር እስከ ተዘጋው በር ድረስም የውኃ ጠብታ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ እየወደቀ ሄደ።