ነጩ ነጥብ

ማንዳ ጣቷን ከግንዱ ላይ ስታነሣ ቀይ ሆኖ መጣ። ቀለሙ እርጥብ ነው።

እጇን እያየች ደርቃ ቀረች። በዚህ የቬለቢት ተራራ ጥብቅ ደን ውስጥ፣ በየቡክቫው ዛፍ ለስላሳ ግራጫ ግንድና በየኖራ ድንጋዩ ላይ ያሉት የመንገድ ምልክቶች በሙሉ የባሏ የዮሶ እጅ ሥራ ናቸው። ቀይ ክብ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ፤ ጉም የያዘው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ እንዲወርድ። ዮሶ ከሞተ ነገ ዓመቱ ነው። ታዲያ ይህን ማን ቀባው?

ነገ የዮሶ የተራራ ወጪዎች ማኅበር ሰዎች ለሙት ዓመቱ ተሰብስበው ይወጣሉ። እሷ ግን ከግርግሩ በፊት፣ ብቻዋን፣ የመጨረሻዋን ምልክት ልታይ ነበር በጠዋት የተነሣችው። ዮሶ ያቺን ቀብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን ከድኖ፣ ወደ ቤቱ ሊወርድ ሲል አዳልጦት ገደል ገባ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ዳኔ እንዲህ ነበር የነገራት። ዓመቱን ሙሉ የቆመችው በዚህ ነው። ጨርሶ ነበር። ወደ እኔ እየመጣ ነበር።

«የመጨረሻዋንም በላይዋ ሊቀቡባት ነው!» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት። ምርኩዟን አንሥታ ሽቅብ ተጣደፈች።

በየመታጠፊያው እርጥብ ቀይ ይጠብቃታል። ከእያንዳንዱ ክብ ሥር ደግሞ ቀለም ተንጠባጥቧል። ዮሶ እንዲህ አያንጠባጥብም። «ዳኔ የቀባው ዛፍ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል» እያለ ሲስቅ ትዝ አላትና እርምጃዋን አፈጠነች።

ጫካው አልቆ ነጩ ድንጋይ ሲጀምር አየችው። ዳኔ ጀርባውን ሰጥቷት ከአንድ ቋጥኝ ፊት ተንበርክኳል። በእጁ ነጭ የተነከረ ብሩሽ ይዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ተው! እንዳትነካት!»

ዳኔ ብሩሹን ሊጥል ምንም አልቀረው። «ማንዳ? ነገ አይደለም እንዴ የምትመጪው? በዚህ ጉልበትሽ ማን ውጪ አለሽ?»

«የኔን ጉልበት ተወው፤ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው ያንተ ነው። ዞር በል፣ ልያት።»

«አበልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ውኃ ቅመሺ...»

«ዞር በል አልኩህ!»

ዳኔ እያቃሰተ ተነሥቶ ዞር አለ።

ክቡ የዮሶ ነው። በብርጭቆ አፍ የተሠራ ይመስል ዙሪያው የትም አልተዛባም፤ የክረምቱ በረዶ ትንሽ አደብዝዞታል። መሃሉ ግን ባዶ ድንጋይ ነው። ማንዳ ጎንበስ ብላ በመዳፏ አበሰችው። ነጭ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ኖሮበትም አያውቅም።

«ነጩስ?»

ዳኔ ብሩሹን ወደ ጀርባው ሸሸገ።

«ጨርሶ ነበር ብለኸኝ የለም? በኔዳ ምለህልኝ የለም፣ ክርስትና ባነሣሃት ልጄ?»

«ሊጨርስ ነበር። ነጩን ከፍቶ፣ ብሩሹን ነክሮ ነበር። ስልኩ ጠራ።»

ማንዳ መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አላነሣችም።

«እዚህ ይጠራል እንጂ ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው እዚያ ላይ ሲወጡ ነው።» በአገጩ የገደሉን ጫፍ አሳያት፤ አንድ ሰው የሚያስቆም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። «"ማንዳ ናት፤ ካላነሣሁላት ዛሬ ራት የለም" አለኝና እየሳቀ ሄደ። ጠዋት ዘንቦ ነበር። ድንጋዩ... ነገ ባዶውን እንዳታዪው ልሞላው ነበር የመጣሁት። አበልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ ኖሯል?»

ደውላለታለች። የምድር ቤቱን ቁልፍ የት አደረግኸው ልትለው ነበር የደወለችው፣ ያውም ተቆጥታ። ሳያነሣው ሲቀር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ስትከት፣ ቁልፉ እዚያው ነበር። ብቻዋን ሳቀች። ሲመጣ ልነግረው ነው፣ ይስቅብኛል፣ እያለች ድንች መላጥ ጀመረች።

አሁን ያንን ሳቋን ሰማችው። እዚሁ፣ ከድንጋዩ ሥር የወጣ ያህል ጥርት ብሎ ሰማችው።

«ማንዳ? አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝ እንኳ።»

«ብሩሹን ስጠኝ።»

ሰጣት። እጀታው ከዳኔ መዳፍ ሞቆ ነበር። ወደ ቋጥኙ ጎንበስ አለች፤ ብሩሹን ወደ ክቡ መሃል አስጠጋች። ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እጇ ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም አልል አላት።

ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ።

በግራ እጇ ከኮቷ ኪስ አወጣችው። ኔዳ ናት። ልጇ ከዛግሬብ ገብታ ቤቱን ባዶ አግኝታው ይሆናል። ማንዳና ዳኔ የስልኩ መስታወት ላይ የበራውን ስም አዩ፤ ከዚያ ሁለቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ ቀና ብለው ገደሉ ጫፍ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አዩ። ፀሐይ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ስልኩ መጥራቱን ቀጠለ። ከብሩሹ ጫፍ አንዲት ነጭ ጠብታ ለቀቀችና በእግሮቿ መካከል በወደቀ ያምና የቡክቫ ቅጠል ላይ አረፈች።