በሩ የረሳው ባለቤት

በዚያ ዘመን የደብረ ብርሃን በሮች ቁልፍ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁትን ፊት አይተው ይከፈታሉ። ፊት የሚያስታውሱበት፣ በየወሩ የሚገዛው ሚሞሪ እየተወደደ ሲሄድ ግን የጋሽ ወንድይፍራው በር ከአራት ፊት በላይ መያዝ አቃተው። ቤተሰቡ አምስት ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ደጅ ሊያስቀር አልቻለም፤ አማቱን ማስቀረትማ ነውር ነው። ስለዚህ የራሱን ፊት አስፋቀ።

"መቼም ቤት ሰው አይጠፋም" ብሎ ነበር። ዛሬ ከኪዳን ሲመለስ ግን ጆሯቸው ከማይሰማው ከአማቱ በቀር ቤት ማንም የለም። ውርጩ ጋቢውን ዘልቆ ያንዘፈዝፈዋል።

"ማን ልበል?" አለ በሩ።

"ባለቤቱ ነኛ!"

"አላውቅዎትም።"

የሚሞሪ አከፋፋዩ ወኪል ሽመክት በዚያ ሲያልፍ አይቶት ሳቀ። "ጋሼ፣ በገዛ ቤትዎ የእግዜር እንግዳ ሆኑ?"

"ለአንድ ፊት የምትሆን ሚሞሪ ሽጥልኝ፣ ልጄ።"

"ከየት አምጥቼ? እጥረቱ እኮ የዓለም ነው።"

"ትናንት ስታራግፉ የዋላችሁትስ?"

"እሱማ ለሚቀጥለው ወር ዋጋ የተቀመጠ ነው" አለ ሽመክት፣ ምንም ሳይመስለው።

ጋሽ ወንድይፍራው በትዕግሥቱ ሰፈሩ የሚምልበት ሰው ነው። ቀስ ብሎ አማተበ። ከዚያ ድንጋይ አንሥቶ የበሩን ዓይን ከነመቀርቀሪያው ሰባበረው።

"ኧረ ጋሼ! ምን ነካዎት?"

"እጥረት ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቆሜ እግዜርን እለምን ነበር" አለ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ እየገባ። "እናንተን ግን አልለምንም!"